ብርጭቆው እስኪጮኽ

ዛሬ ጠዋት መካነ ሰላም መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ አስተናጋጇ የአንድ ሾፌር ሻይ ውስጥ ስኳር አማሰለችና ማንኪያዋን ብርጭቆው አፍ ላይ መታ አድርጋ አራገፈች። ቅጭል አለ። እኔ ሳላስበው ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሞላ!» አልኩ። ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝና «ኧረ የት ሞልቶ እማማ! ገና የደሴ ሰው ከቤቱም አልወጣ» ብሎ ሳቀ። ስለ አውቶቡሱ የተናገርኩ መስሎት ነው። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ከዳኝና የነጠላዬን ጫፍ ወደ ዓይኔ ሰደድኩ። ደግነቱ የመናኸሪያ አቧራ ለሚያለቅስ ሰው የሚመች ሰበብ ነው።

ጭኔ ላይ በጨርቅ ቦርሳ የያዝኩት ላፕቶፕ አለ። ልጄ ማስተዋል ከዐረብ አገር ለአባቷ የላከችው ነው። አባቷ ይመር ካረፈ ወዲህ ማንም አልከፈተውም፤ እኔ አቧራውን እየጠረግሁ ሳጥን ላይ አስቀምጬው ከረምኩ። የሙት ዓመቱ ሲቃረብ ማስተዋል ደውላ «እማዬ፣ አባዬ መጨረሻውን ሳይልክልኝ ነው የሄደው። የጻፈው ካለ ላኪልኝ» አለችኝ። የጻፈው ይኑር አይኑር አላውቅም። ቢኖርም እፈራለሁ፣ ባይኖርም እፈራለሁ። ኮምፒውተር ቤት ያለው ሰይድ ደግሞ ሱቁን የሚከፍተው ፀሐይ ጀርባ ማሞቅ ስትጀምር ነው። እሱ እስኪመጣ ያቺ ማንኪያ እጄን ይዛ ወደ ድሮው መሥሪያ ቤታችን፣ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ክፍል ወሰደችኝ።

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም፤ ማን ወጥቶ ማን እንደወረደም ለሚያውቁት ትቼዋለሁ። እኔ የማውቀው ሻይ በአሥር ሳንቲም እንደነበረ፣ ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲመጣ የጋዜጣው ፊደል ፓስቲው ላይ ይታተም እንደነበረ ነው። ደሴ ታይፕ ተምሬ መካነ ሰላም ስቀጠር ያለኝ አንድ ጉርድ ቀሚስ፣ አንድ ሰማያዊ ሹራብና አቀስታ ስነሣ እናቴ የሰጠችኝ ሻሽ ነበር። የጸሐፊዎች ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት የጽሕፈት መኪና፣ ባሕር ዛፍ የሚታይበት አንድ መስኮት። አንደኛው ጠረጴዛ የይመር ነበር። ከታች የሰፋ ቴትሮን ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻው ሊደርስ ምንም ያልቀረው ሸሚዝ፣ ጎፈሬው ውስጥ የተሰካ ሚዶ። ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተን ነበር የምንሠራው። ክረምት ጣታችንን ሲያደነዝዘው ሻይ እናስመጣና መጀመሪያ እጃችንን በብርጭቆው አሙቀን፣ ኋላ ነው የምንጠጣው። የሻይ ቤቱ ቴፕ ክሩ ከመልፋቱ የተነሣ ዘፋኟ መሐል ላይ ድምፅዋ ወፍሮ ወንድ ትሆናለች፤ ያኔ ይመር እሱም ድምፁን አወፍሮ ያጅባታል፣ እኔ አፌን በሻሼ ይዤ እስቃለሁ። ዛሬ የዚያ መሥሪያ ቤት ቦታ ላይ ፎቅ እየተሠራ ነው። ባሕር ዛፎቹም የሉም፤ ያሉት ባጃጆች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ሲያንጫጩ መቼ ያስዘፍናሉ።

የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ያላየ ሰው ድካማችንን አያውቀውም። ፊደሉን እንኳ በአንድ ምት አትሰጥም፤ አካሉን መትቶ ቅጥሉን ደግሞ መምታት ነው። አንድ መልካም ጠባይ ግን አላት፤ መስመሩ ሊሞላ ጥቂት ፊደል ሲቀረው ከሆዷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደወል ቅጭል ትላለች። ያኔ የያዙትን ቃል ጨርሶ፣ በግራ እጅ ማንሻውን ገፍቶ፣ ወረቀቱን ወደ አዲስ መስመር መመለስ ነው። ያልሰማ ሰው መኪናዋ ቀጥ ትልበታለች፤ ቃሉም እግሩ ተቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ ታይፒስት ዓይኑ ከረቂቁ ላይ አይነሣም። የመስመሩን ጫፍ የሚያየው በጆሮው ነው። ይመር ደወሏ በጮኸች ቁጥር ለራሱ «ሞላ» ይላል። የእኔዋ ስትጮኽ ደግሞ ዞር ሳይል «ሞላብሽ የሺ?» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ በኋላ ግን እሱ ፈቃድ የወጣ ቀን ደወሌ ጮኻ ያ ድምፅ ሲቀርብኝ ወረቀቱን መመለስ እየረሳሁ ፍዝዝ እል ጀመር።

አንድ ቀን ሁለቱም ደወሎች እኩል ጮኹ። ሁለታችንም እጃችንን አነሣን። ይመር ወንበሩን አዙሮ አየኝና «የሺ፣ እኩል ሞላ። ከዚህ ወዲያ ሽማግሌ መላክ ነው» አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ አቀስታ አባቴ ደጅ ቆመው ተገኙ። አባቴ «ልጁ ምን አለው?» ብሎ ቢጠይቅ አንደኛው ሽማግሌ «ጣት አለው» አለ አሉ። በዚያ ጣት ነው የኖርነው፤ በእሱም በእኔም።

ማስተዋል አንድ ልጃችን ናት። ትምህርቷን ስትጨርስ እንደ እኩዮቿ ዐረብ አገር ሄደች፤ ኮንትራቴን ጨርሼ እመጣለሁ ብላ ነበር የወጣችው። ኮንትራቱ አለቀ፣ ሌላ ተተካ፣ ሌላም ተተካ። ጣሪያችን በእሷ ገንዘብ ተቀየረ፣ አልጋው በእሷ ገንዘብ ተገዛ፤ ሰው «ልጃችሁ ታድላ» ሲለን እኛ በአዲሱ አልጋ ላይ እንቅልፍ አጥተን እንገላበጣለን። አንድ የበዓል ቀን ደውላ ከአባቷ ጋር ስታወራ «አባዬ፣ አገሬ እየጠፋኝ ነው» አለችው። «ከቤታችን ወደ ገበያው ስወርድ በግራ ያለው ማን ቤት እንደነበር ሳስበው ዋልኩ፣ አልመጣልኝም።» ይመር ስልኩን ሰጥቶኝ ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ «እጽፍላታለሁ» አለ። «ከተማውን አንድ ሳላስቀር እጽፍላታለሁ፣ ከዓይኔ ጋር ከመሄዱ በፊት።»

ከዓይኔ ያለው ያለ ነገር አልነበረም። የደሴው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው ብሎታል። ይህ በሽታ ክፋቱ ከዳር ከዳር ነው የሚበላው። መሐሉን ያሳያል፣ ዳሩን ይወስዳል። ይመር ፊቴን እያየ አጠገቤ ያለውን በር አያየውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ነው፤ ዛሬ ከትናንት የተለየ አይመስልም፣ ከዓመት በኋላ ግን ሰውየው ግድግዳ እየዳበሰ ሲሄድ ታገኙታላችሁ።

ላፕቶፑ የመጣ ዕለት ሰይድ ቤት ድረስ መጥቶ አስተማረው። ፊደሉን መልመዱ ብዙም አላስቸገረው፤ ጥቂት ሳምንት አጉረመረመ፣ ከዚያ ጣቶቹ መንገዱን አገኙት። ያስቸገረው የመስመሩ ጫፍ ነበር። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ፤ ይመር መስመር ሲያልቅ ማንሻ የሚገፋ መስሎት ኢንተር የምትባለዋን ቁልፍ ይመታታል። ዳሩ ስለማይታየው ደግሞ አንዴ መንገድ ላይ፣ አንዴ ጠርዙን ካለፈ በኋላ ነው የሚመታት።

«ጋሼ ይመር፣ ኧረ በአላህ ያቺን ይተዋት!» ይላል ሰይድ። «መስመሩ ጠርዝ ሲደርስ ራሱ ታጥፎ ይወርዳል።»

«ማን ያጥፈዋል?»

«ራሱ ነዋ!»

«እኔ ሳላዘው?» አለ ይመር፤ ተቀየመ።

ሰይድ ትዕግሥተኛ ነው። ስክሪኑ አናት ላይ ካለው ዝርዝር ውስጥ አንዲት ምልክት አሳየን። እሷን ሲነኳት ረጅሙ መስመር ስክሪኑን እንዳያልፍ እየታጠፈ ይደረደራል፤ ሲያነሷት ደግሞ መስመሩ ሳይታጠፍ ወደ ቀኝ ይነጉዳል፣ ጫፉን ለማየት አብሮ መሄድ ነው። ለሌላው ሰው ሁለቱም ሰላም ነው። ለይመር ግን ሁለቱም ጣጣ ሆኑ። መስመሩ ሲታጠፍ በቀኝ በኩል ጀምሮት የነበረው ቃል ድንገት ዘሎ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ግራው ደግሞ አይታየውም። «ቃሌን ወሰደብኝ!» ብሎ ይጮኻል። ሳይታጠፍ ሲተዉለት የመስመሩ መጀመሪያ እየተንሸራተተ ከስክሪኑ ይወጣል፤ «አሁን ደግሞ መነሻዬን በላው!» ይላል። ሰይድ ራሱን ያዘ። ይመር ከእንግዲህ እንደማይሞክር ሰው እጁን አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አቀማመጡን አልወደድኩትም። ልጁ አገሯን እየረሳች ነው፣ እሱ ዓይኑ እየሄደ ነው፣ በመሐል ያለው ይህ ብቻ ነው።

እኔ አጠገባቸው ምስር እለቅም ነበር። ሻይ የጠጣንበት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አለ። ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ «አንዴ ምታ እስቲ» አልኩት። መምታት ጀመረ። ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ፣ መስመሩ ጠርዙ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ብርጭቆውን በማንኪያው ቅጭል አደረግሁት።

ይመር ቃሉን ጨረሰ። ኢንተሯን መታ። «ሞላ» አለ።

ሰይድ «አጃኢብ ነው! በኮምፒውተር ዘመን ደዋይ ቀጠሩ?» ብሎ፣ መስመሩ ሳይታጠፍ እንዲሄድ ትቶልን እየሳቀ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራችን ይህ ሆነ። እሱ ይመታል፣ እኔ ምስሬን እየለቀምኩ ስክሪኑን እጠብቃለሁ፣ ጠርዝ ሲቃረብ ብርጭቆውን እመታለሁ። ጻፈላት። ከቤታችን ወደ ገበያው ሲወርዱ በግራ ያለውን የልብስ ሰፊውን ቤት፣ ልብስ ሰፊው ካኪ ሲቆርጥ ምላሱን እንደሚነክስ፣ ኮንጎ ጫማ የሚሸጡትን ሐጂ፣ የኮንጎውን ሽታ፣ የአጅባር በግ ነጋዴዎች የሚያድሩበትን ግቢ፣ ከበጎቹ አንዱ ጠፍቶ የግቢው ባለቤት ሴትዮ ወጥ ቤት ጎመን ሲበላ የተገኘበትን ቀን። ሲያጠፋ እከራከረዋለሁ፣ «የለም፣ ሐጂው በቀኝ ነበሩ» እለዋለሁ፣ ይቆጣል፣ ያርማል። እንዲያ ደስ ብሎን የምንጨቃጨቅባቸው ከሰዓት በኋላዎች ነበሩ።

ዓይኑ ግን አላረፈም። ፊደሉን ማጉላት መጣ፤ ፊደሉ ሲተልቅ መስመሩ የሚይዘው ቃል አነሰ። መጀመሪያ ላይ በሁለት ደወል መሐል እፍኝ ምስር ለቅሜ እጨርስ ነበር። ከዚያ የእፍኝ ግማሽ። በመጨረሻ ምስሩን ትቼ ማንኪያዋን ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ሦስት ቃል ሲመታ ቅጭል፣ ሁለት ሦስት ቃል ሲመታ ቅጭል። የመስመሩ ማጠር የምን ማጠር እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ማስተዋል በስልኳ ስታነበው ግራ ገብቷት ኖሯል። የእሷ ስልክ ጠባብ ነው፤ መስመራችንን በራሱ ልክ ያጥፈዋል፣ የእኛ ኢንተር ደግሞ እንደገና ይቆርጠዋል። አንዱ ረጅም፣ ቀጥሎ ቁራጭ፣ እንደገና ረጅም። «እማዬ፣ የአባዬ መስመር ለምንድን ነው የሚያነክሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ብርጭቆው ነገርኳት፤ የምትስቅ መስሎኝ ነበር። የስልኩ መስመር የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ ሃሎ» ስል «አለሁ» አለች። «እንደዚያው ላኩልኝ። እንዳታስተካክሉት።»

ይመር የኮሪደሩን ክፍል መጻፍ እንደጀመረላት ወንድሜ አቀስታ ላይ አረፈ። መሄድ ግድ ነበር። ይመርን ለጎረቤታችን ለእመት ዘሐራ አደራ ብዬ ስወጣ «አብሽሪ የሺ፣ ሂጂ። ወንድምሽን ቅበሪ» አለኝ። «ብርጭቆው የትም አይሄድ።» አቀስታ በዚያ ሰሞን ብርዱ አጥንት ይበላ ነበር። ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ሴቶቹ ደረታቸውን ሲመቱ፣ እኔ ወንድሜንም አለቅሳለሁ፣ ይመር ግድግዳውን ሲዳብስም በሐሳቤ አየዋለሁ። ሣልስቱ ካለቀ በኋላ ስመለስ ደረቱን ይዞት ትኩሳት ላይ አገኘሁት። ሐኪም ቤት ገባ። አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ሾርባ ሳማስልለት ማንኪያዬ የሳህኑን ጠርዝ ነካች። ዓይኑን ሳይገልጥ «ሞላ» አለ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ቃል የለም።

ሰይድ መጣና ሱቁን ከፈተ። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፣ ላፕቶፑን ኤሌክትሪክ ላይ ሰካው። ክዳኑ ሲከፈት ያቆመበት ገጽ ራሱ እንዲመጣ፣ የተመታውም በየጊዜው ራሱ እንዲቀመጥ ያደረገለት እሱ ነበር። ገጹ መጣ። ያቺ ትልልቅ ፊደል፣ እነዚያ አጫጭር መስመሮች፤ በእያንዳንዳቸው መጨረሻ ላይ የእኔ ማንኪያ አለች። ሰይድ ወደ ታች ወረደ። መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሄዳ ቃሏ መሐል ላይ ተቆርጣ ቀርታለች።

«እትዬ የሺ፣ እዚህ ላይ አቁመዋል» አለ በቀስታ። «ሳይጨርሱት…» ከዚያ ጣቱ ወደ ቀኝ የምትወስደውን ቁልፍ ነካ። ቃሉ ተቀጠለ። ሌላ ቃል መጣ። ሌላም። «ቆይ… አላለቀም። ኧረ ወላሂ ይሄዳል!» ቁልፏን ይዞ ቆየ፤ ፊደሉ እየመጣ ያልፋል፣ እየመጣ ያልፋል። «ጋሼ እዚህ ላይ አንድም ኢንተር አልመቱም። አንዲት ምልክት ብነካ ተጣጥፎ ሙሉውን አንድ ላይ ያዩታል፤ ልጠፈው?»

«አይታጠፍ» አልኩት። «ከመጀመሪያው ጀምረህ እንዳለ አንብብልኝ።»

ቁልፏን እየጫነ፣ መስመሩን እየተከተለ አነበበልኝ፤

«ማስተዋሌ ዛሬ እናትሽ አቀስታ ለቅሶ ሄዳለች ብቻዬን ነኝ እመት ዘሐራ ምሳዬን አምጥታ ዓይንህስ ብትለኝ ደህና ነው አልኳት ውሸቴን ነው አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምለየው ጣቴ ግን ያውቃል ያን የኮሪደር ክፍል ልጨርስልሽ እናትሽ መጀመሪያ የመጣች ቀን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ ነበር እጅጌው ረዝሞ ጣቷን ሸፍኖት ይህቺ ልጅ በምኗ ልትመታ ነው ብዬ ሳቅሁባት ከዚያ መምታት ስትጀምር ሳቄን ዋጥኩ ደወሏ ከእኔ ደወል ቀድማ ጮኸች የተያዝኩት ያን ቀን ነው እሷ ግን ሁለቱ እኩል የጮኹ ቀን ይመስላታል አትንገሪያት እንዲሁ ደስ ይበላት ልጄ ብርጭቆው እስካሁን አልጮኸም መስመሩ ገና ነው ማለት ነው እንዲህ ያለ ረጅም መስመር በዕድሜዬ መትቼ አላውቅም እናትሽ ስትመጣ ትመታልኛለች እስከዚያ ልቀጥል»

ሰይድ ቁልፏን አንዴ ደግሞ ተጫነ። ምንም አልመጣም። «ከዚህ ወዲያ የለም እትዬ» አለና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

እኔ አለቀስኩ፤ በዚህ ቤት ውስጥ አቧራም አልነበረም። የሰማያዊውን ሹራብ እጅጌ ረስቼው ነበር። ለማስተዋል እንዳለ እንዲልክላት ነገርኩት፣ ሳያጥፍ፣ ሳይቆርጥ፤ የእሷ ስልክ የራሱን ያድርግ። ሰይድ መላክ ሲጀምር እጄን ወደ ሻዬ ሰደድኩ። ማንኪያዋ እጄ ገባች፣ ብርጭቆው አጠገቤ ነው፣ እጄም ልማዱን አስታውሶ ከፍ አለ።

ቀስ ብዬ ማንኪያዋን ነጠላዬ ላይ አስቀመጥኳት፣ ብርጭቆውን እንዳትነካው። ከመታሁት ይመር ያቆማል።